ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሜላቶኒኑ ልጄን ጎድቶት ይሆን?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ማታ እንቅልፍ እንቢ ይለዋል፤ እስከ 5 ሰዓት ዓይኑ ፈጦ ያመሻል። የዛሬ ዓመት አሜሪካ ያለችው እህቴ የሜላቶኒን ከረሜላ ላከችልን። አንድ ስሰጠው ቶሎ ይተኛ ነበር። አሁን ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ ስለሚያድር ሁለት አደረግሁት። ሲያልቅብኝ የጉንፋን ሽሮፕ ሰጥቼው አውቃለሁ። መብራት የጠፋ ቀን ያለ ምንም ነገር ይተኛል። እንደ አባቱ ያንኮራፋል። ሰሞኑን ደግሞ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። ጎረቤቴ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪው» ትለኛለች። መድኃኒቱ ሱስ ይሆንበታል፣ ዕድገቱንም ያቆመዋል ሲባል ሰምቼ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ሳላውቅ ልጄን ጎዳሁት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ የያዘችኝ የመጨረሻዋ ጥያቄ ነች። ከእሷ ልጀምር። በሜላቶኒን ልጅዎን አላበላሹትም። ይህን ጭንቀት ዛሬውኑ ያውርዱት።

ሜላቶኒን ባዕድ ነገር አይደለም። ሲጨልም የልጅዎ አንጎል ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ሥራው ለሰውነት «መሸ» ብሎ መናገር ነው። እንደ አንዳንድ የእንቅልፍ ኪኒኖች ሱስ አያስይዝም። የዕድገቱ ነገር ግን ከባዶ የተነሣ ወሬ አይደለም። ልጅ ወደ ጉርምስና ሲቃረብ ሜላቶኒኑ በተፈጥሮ ይቀንሳል። ከውጭ ሲጨመርበት ጉርምስናው ይዘገይ ይሆን ብለው ሐኪሞችም ጠይቀዋል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እስከ 2 ዓመት ድረስ እየወሰዱ ክትትል ተደርጎላቸው፣ ቁመታቸውም ክብደታቸውም ጉርምስናቸውም ላይ ጉዳት አልታየም። ከዚያ የረዘመ ክትትል ግን ጥቂት ነው። ሐኪም ሲያዝዘው በየጥቂት ወሩ እያቋረጠ «አሁንም ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ የሚያየው ለዚህ ነው። የእርስዎን ልጅ ግን ዓመት ሙሉ ያየው ሐኪም የለም። ቅር ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ከረሜላው አንድ ነገር ይወቁ። አሜሪካ ውስጥ ሜላቶኒን የሚሸጠው እንደ ቫይታሚን ነው። እንግሊዝ አገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይገኝም። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 25 ዓይነት የሜላቶኒን ከረሜላዎች ተመርምረው ነበር። በ22ቱ ውስጥ ያለው መጠን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም። አንዱ ጭራሽ ሜላቶኒን አልነበረበትም። ስለዚህ «ሁለት ሰጠሁት» ሲሉኝ ስንት ሚሊግራም እንደወሰደ እርስዎም እኔም አናውቅም። ጠርሙሱን ደግሞ ከፍ አድርገው ይቆልፉበት። ታናሽ ካለው ለእሱ ከረሜላ ነው።

አሁን እርስዎ በአንድ ቃል ወዳለፉት ልምጣ። «እንደ አባቱ ያንኮራፋል።»

በእኛ ዘንድ ልጅ ሲያንኮራፋ «እንቅልፍ ጥሞት ነው» ይባላል። ቤተ ዘመድ ይሰበሰብና ይስቃል። ጉንፋን ይዞት ሁለት ሌሊት ቢያንኮራፋ እኔም ምንም አልልም። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚያንኮራፋ ልጅ ግን አየር ለማግኘት እየታገለ ሊሆን ይችላል። ጥሞት አይደለም።

ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥተው አጠገቡ ይቀመጡ። አምፖሉን አያብሩ፣ የስልክዎ መብራት ይበቃል። የፒጃማውን አንገት ይክፈቱለት። ከጉሮሮው በታች፣ አጥንቶቹ የሚገናኙበት ትንሽ ጎድጓዳ አለች። በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች? አፉ ተከፍቷል? ራሱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ነው የተኛው? ላብ አጥምቆታል? ከሁሉም በላይ ማንኮራፋቱን ያዳምጡ፣ በስልክዎም ቪዲዮ ይቅረጹት። ድንገት ጸጥ ይላል? ደረቱ እየተነሣ አየር ሳይገባ ይቆይና እንደታነቀ ሰው ደንገጥ ብሎ ይመለሳል? ብዙ እናቶች ያችን ጸጥታ «ተመስገን፣ አሁን ገና ተኛ» ብለው ያልፏታል። የምፈራው እሷኑ ነው።

አንድ ጊዜ ከዘጌ አንድ አባት የ5 ዓመት ልጁን አመጣልኝ። «ይነጫነጫል፣ ፊደል አይያዝለትም» ብሎ ነበር የመጣው። «ሌሊት እንዴት ነው?» ስለው ስልኩን አወጣ። አብረን አየን። ልጁ ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ዝም። አባትየው ስልኩን እንደያዘ እሱም ትንፋሹን ዋጠ። ልጁ ሲተነፍስ አብሮ ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቶንሲል ማበጥ ወይም ከአፍንጫው ጀርባ ያለ ሥጋ ማደግ ነው። በብዛት የሚታየው ከ2 እስከ 8 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር አንጎል ይባንናል። ልጁ አይነቃም፣ ግን ይገላበጣል። አዋቂ ቢሆን ቀን ቀን ያንቀላፋ ነበር። ልጅ ግን ይቀብጣል፣ ይነጫነጫል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ይጀምራል። ለዓመታት ከተተወ ልብንም ያደክማል። መገላበጡም ሽንቱም በደብዳቤዎ ላይ አሉ። ሳላየው በሽታው ይህ ነው አልልዎትም። መታየት ግን አለበት፣ ያውም በዚህ ሳምንት። ሁለተኛው ከረሜላ ምን ይሠራለታል? ሜላቶኒን «መሸ» ይላል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም።

ሽሮፑን በተመለከተ ቁጣዬን አልደብቅም። እንቅልፍ የሚያመጣ የጉንፋን ሽሮፕ ለማስተኛ ተብሎ ለልጅ አይሰጥም። በተለይ ለሚያንኮራፋ ልጅ! የታነቀውን ልጅ ትንፋሽ የሚመልስለት ያ የአንጎል መባነን ነው፤ እሱን ነው የሚያደክሙበት። ከእነዚህ ሽሮፖች አንዱ፣ ፕሮሜታዚን የሚባለው፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ትንፋሽ አቁሞ ገድሏል። ቤት ውስጥ የቀረ ካለ፣ ካርቶኑን ብቻ አስቀርተው ዛሬውኑ ያስወግዱት።

ጎረቤትዎ አዝነው ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን እንጥሉን አያስነኩት። እንጥል አይደለም የሚዘጋው። ምላጩ የሚያመጣው ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው፤ ያበጠው ቶንሲል እዚያው ይቀራል። ቶንሲሉ መውጣት ካለበት በሆስፒታል፣ በማደንዘዣ፣ በአንገት በላይ (የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ) ሐኪም እጅ ይወጣል። ብዙዎቹ ልጆች ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ ይሆናሉ፤ ይተኛሉ፣ ይበላሉ፣ ይፋፋሉ። ስለዚህ ቢታከም መዳኛ ያለው ነገር ነውና አይደንግጡ።

ማታ እንቢ የሚለውን እንቅልፍ ደግሞ መልሱን ራስዎ ጽፈውልኛል። መብራት የጠፋ ቀን ይተኛል! ጣና ዳር ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች። የልጅዎ አንጎል ሜላቶኒኑን የሚያዘጋጀው ያኔ ነው። ቴሌቪዥኑና ስልኩ ፊቱ ላይ እስከ 5 ሰዓት ካበሩ ግን «ገና ቀን ነው» ይለዋል። በዚህ ዕድሜ በቀን በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ያህል መተኛት አለበት። ለትምህርት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ ከሆነ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት። ስለዚህ 2 ሰዓት ላይ ስክሪኑ ይጥፋ፣ የሳሎኑ አምፖልም። ስልኩ ከእርስዎ ጋር ይደር። ቅዳሜና እሑድም ሰዓቱ ብዙ አይዛነፍ። ቡናውን ለልጅ አያቅምሱት። ሙቀት ከሆነ መስኮት ይከፈትለት፣ አጎበሩ ግን ከአልጋው እንዳይነሣ፤ የጣና ዳር ትንኝ ወባ ይዛ ነው የምትመጣው።

ከረሜላውን ዛሬ ማታ ወደ አንድ ይመልሱት። ከሳምንት በኋላ ግማሽ፣ ከዚያ ያቁሙት። ጥቂት ቀን እንቅልፉ ሊዘገይ ይችላል፤ እርስዎ ሰዓቱን ይያዙለት እንጂ አይሸነፉ። ሐኪሙ አይቶት ያስፈልገዋል ካለ፣ መጠኑ ከታወቀ መድኃኒት፣ በትንሹ ተጀምሮ ይሰጠዋል። ያን ጊዜ በሰላም ይስጡት።

ከንፈሩ ሲጠቁር ወይም ሰማያዊ ሲሆን ካዩ፣ ወይም ሌሊት ቀስቅሰውት አልነቃ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ካልሆነ ነገ ጠዋት ሕፃናት ክፍል ይሂዱ፤ ወደ አንገት በላይ ይልኩዎታል። ሌሊት የቀረጹትን ቪዲዮ፣ የከረሜላውን ጠርሙስና የሽሮፑን ካርቶን ይዘው ይሂዱ።