ከ«ሀ» ተነስቶ የሚወርደው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ልቅሶ ቤት ተቀምጠን አንዲት ወጣት መምህርት አጠገቤ መጣች። የልዩ ፍላጎት መምህርት ናት፤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። «ጋሼ፣ ንባብ ማስተማር ላይ ከፍ ያለ ሥልጠና አለ ተብያለሁ። ክረምቱን ሙሉ ነው። ደመወዝ ላይ ግን የሚጨምረው ነገር የለም። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። ድንኳን ውስጥ ስለሆንን «አስቢበት» ብዬ አለፍኳት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይኸው ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምታመነቱትም ጻፍኩ።

በ1988 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። 68 ልጅ፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነው። ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ የሚቀመጥ ልጅ ነበረኝ። እናቱ ሄርማታ መርካቶ በርበሬና ቅመም ትቸረችራለች። ልጁ ሒሳብ ላይ እሳት ነው፤ የእናቱን ገበያ መልስ የሚሰጠው እሱ ነበር። ፊደል ሲባል ደግሞ ድምፁ ከሁሉ ይጎላል፤ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» አንድም ሳይስት ይወርደዋል። «ተነስና አንብብ» ስለው በጣቱ እየተከተለ ያነበንበዋል። ካርዱ ላይ «ጎበዝ» ብዬ ጽፌለታለሁ።

አንድ ቀን፣ ሰኔ ይመስለኛል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጮሄ ማስተማር ሲያቅተኝ በየዴስኩ እየዞርኩ አንድ በአንድ ማስነበብ ያዝኩ። እሱ ጋ ስደርስ ጣቱን አየሁት። ጣቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፣ አፉ ግን ገጹን ጨርሷል። ገጹን ገለጥኩበት። ያንኑ የበፊቱን ደገመልኝ።

ፊደል ገበታው ጋ ወሰድኩትና «ረ» ላይ ጣቴን አደረግኩ። ዝም አለ። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ዓይኑ ከገበታው አናት ተነስቶ፣ ሹክ እያለ፣ ሀሁን፣ ለሉን፣ ሐሑን እየወረደ ጣቴ ጋ ሲደርስ «ረ!» አለ። «ቦ» ላይ አደረግኩለት። እንደገና ከ«ሀ» ጀመረ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። «ዓመቱን ሙሉ ስታታልለኝ ከረምክ?» ብዬ እስከ ደወል ድረስ አንበረከክኩት። ለእናቱም «ሰነፍ ነው፣ አይገባውም» አልኳት።

231 ፊደል በዜማ ይዞ የተጠየቀውን በቆጠራ ፈልጎ የሚያገኝ ልጅ እንዴት ሰነፍ ይባላል? ያኔ አልታየኝም።

በዚያው ክረምት ለልዩ ፍላጎት ሥልጠና ተመለመልኩ። የሄድኩት ለአበሉ ነው፣ አልዋሽም። አውቶቡሳችን ጊቤ በረሃ ላይ ጎማ ፈነዳበትና ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፤ ከሥልጠናው የመጀመሪያ ሳምንት የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አሠልጣኛችን ፊደል ገበታ ይዘው ገቡ። በመቀስ ቆራረጡትና ጠረጴዛ ላይ በተኑት። «ዜማው ሲጠፋ ማን ያነባል?» አሉ። ከዚያ ቃልን ወደ ድምፆቹ መነጠል አሳዩን። «በግ» ሲባል መጀመሪያ የሚሰማህ ምንድነው? «በ»ን አውጥተህ «ለ» ብታስገባስ? እኔ ወንበሬ ላይ ላብ አጠመቀኝ።

መስከረም ስመለስ ልጁ የለም። እናቱ ጋ ሄድኩ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ አይገባውም ያሉት?» አለችኝና በርበሬ መስፈሯን ቀጠለች።

በ2002 ዓ.ም. በየክልሉ የንባብ ምዘና ሲደረግ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ አቃታቸው ተባለና ብዙ ሰው ደነገጠ። እኔ አልደነገጥኩም። የት እንደሚቀመጡ አውቅ ነበር።

እንግዲህ ስለ ሥልጠናው። ሰርተፍኬቱ ዋጋ የለውም። እናንተ ደግሞ ሳትጨርሱት ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ትለጥፉታላችሁ፤ ሞጁሉ ሲመጣ «ፒዲኤፉን ላኩልኝ» ብላችሁ ሳትከፍቱት ይቀራል። የኛ ሞጁልም የስኳር መጠቅለያ ነው የሆነው፣ አልፈርድም። ግን ግቢ። ባትገቢ እቀየምሻለሁ።

ስትሄጂ ያቃተሽን የአንድ ልጅ ደብተር ያዢ። አሠልጣኙን በእሱ አፋጥጪው። ከውጭ የመጣ ዘዴ እንዳለ ለኛ ፊደል አይሆንም። «ገና» ብለሽ ስትጽፊ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው፣ ፊደሉ አይነግርሽም፤ መጥበቅ መላላቱን አንባቢው ራሱ ማወቅ አለበት። የአፋን ኦሮሞው ፊደል፣ ቁቤ፣ ግን ሲጠብቅ ፊደሉን ይደግማል። ቤቱ አፋን ኦሮሞ እያወራ አማርኛ ክፍል የገባ ልጅ ቢደናበር ቶሎ «የንባብ ችግር አለበት» አትበይ። ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡት ብሬይልም የአንድ ቀን ወርክሾፕ ነገር አይደለም፤ ነጥቡ በመውጊያው በስታይለስ ሲወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፣ ወረቀቱ ተገልብጦ ሲነበብ ከግራ ወደ ቀኝ። እጅሽ እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጅብሻል።

ልጁን አግኝቼዋለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ ዞር ብሎ «ቲቸር!» አለኝ። ሒሳብ አልቀበልም አለ። ስልኬን ስነግረው ቁጥሩን ያዘ፣ ስም ግን አልጻፈም። «ሰው የምለየው በመጨረሻዋ ሁለት ቁጥር ነው። እናቴ 14 ናት። እርስዎ 62 ነዎት» ብሎ ሳቀ። «ና ላስተምርህ» ልለው አፌ ላይ መጥቶ ቀረ።

ትናንት ዘይት ልገዛ ስወጣ ባጃጁ ጥጉ ላይ ቆማለች። ዝናብ ነበር። በሌላ መንገድ ዞሬ በእግሬ ሄድኩ።