አዋሽ ፓርክ ልትሄዱ ነው? ጠይቁ፣ ግን ውሃ ያዙ

ቅዳሜ ጠዋት፣ አራት ኪሎ። ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን አሥር ሆነን ተቀምጠናል። ለዓመታት ወደ አዋሽ እንግዳ ሲያመላልሱ የኖሩት ጋሼ ማኪያቷቸውን እያማሰሉ «በሉ ጠይቁ» አሉ።

«ጋሼ፣ መቼ ብንሄድ ይሻላል?»

«ከኅዳር እስከ ጥር። ሙቀቱ ይቀንሳል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ካልወጣችሁ ግን በከንቱ አትልፉ። 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፀሐይ ከበረታ አውሬው ሁሉ ጥላ ሥር ነው። ውሃ ያዙ።»

«መግቢያው ስንት ነው?»

«በሩ ላይ ይነግሩሃል።»

«ምን ምን እናያለን?»

«ይሄም ጥያቄ ሆኖ! ፓርኩ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አንቺ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?»

«እ... ሳላ፣ ያን ባለ ረጅም ቀንድ አውሬ።»

ጋሼ ማኪያቷቸውን አስቀመጡ።

«እሱን በይኝ! ጠዋት ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ቁሙ፤ ሞተር አጥፉ። ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ ነው። ሴቷም አላት። በጎን ሲቆም ሁለቱ ቀንድ አንድ ይመስላል። ብልሃቱ ደግሞ! እኛ ሲሞቀን በላብ እንጠመቃለን። እሱ ውሃ አያባክንም፣ ሰውነቱ ቢግል ዝም ይላል። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ግን አፍንጫው ውስጥ በቀዘቀዘ ደም አጠገብ ያልፋል፤ ጭንቅላቱ አይግልም። እናንተ እንዲህ ያለ አፍንጫ የላችሁም። ስለዚህ ውሃ ያዙ! ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር።»

«ቁርስስ የት እንበላለን?» አለ አንዱ። እዚህ ላይ ተበተንን። ግማሹ በፈጣን መንገዱ ቀጥ ብለን አዳማ አለ። ግማሹ በድሮው መንገድ ቢሾፍቱ። «ለእንቁላል ፍርፍር ብለህ ሲኖትራክ መሃል?» «አዳማ ምን ቁርስ አለና!» ጋሼ ብርጭቋቸውን በማንኪያ መቱ።

«ፏፏቴው ሥር መዋኘት ይቻላል?»

«አዞ አለ።»

«ጠርዝ ጠርዙንስ?»

«አዞውም ጠርዝ ጠርዙን ነው።»

«ፍልውሃውስ?»

«በሰሜን በኩል፣ ዘንባባው መሃል ነው። ሰማያዊና ጥርት ያለ ስለሆነ ቀዝቃዛ ይመስላል። እጅህን ሳታስነካ እንዳትገባ። ያለ ስካውት፣ ያለ ፓርኩ ጠባቂ ማለቴ ነው፣ እንዳትሄዱ።»

«በ2017 መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ነበር...»

«ፓርኩ ውስጥ ያለው ፈንታሌ ተራራ እሳተ ገሞራ እኮ ነው። ከመውጣትህ በፊት ለፓርኩ ደውል።»

በዚህ መሃል አንድ ልጅ እያለከለከ ደረሰ። ወንበር ስቦ እንኳ በቅጡ አልተቀመጠም። «ይቅርታ ጋሼ፣ ታክሲ አጥቼ ነው። መቼ ብንሄድ ይሻላል?»

ጋሼ ወደ አስተናጋጇ ዞሩ። «እሙዬ፣ ሂሳብ።»