ወገን ያልሆነ ወዳጅ አብጁ

ደሴ ውስጥ በጥብቅና ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። ውልም፣ ውርስም፣ የቦታ ክርክርም ይዣለሁ። ከሁሉም የበዛው ግን የፍቺ ፋይል ነው። ወጣቶች ሲያገኙኝ "እንዴት ያለ ሰው እናግባ?" ይሉኛል። እሱን ወላጆቻችሁ ይንገሯችሁ። እኔ የምመክራችሁ ስለ ጓደኛ ነው።

ሰው አርባን ሲሻገር ትዳሩ ይፈተናል። ልጆች ያድጋሉ፣ ወላጆች ይታመማሉ፣ ገንዘብ አልበቃ ይላል። ለዓመታት የተዋጠው ቂምም ያን ጊዜ ይወጣል። በዚህ ሰዓት ሰው የሚሮጠው ወደ ወገኑ ነው። ወንዱ ወደ ወንድሞቹ፣ ሴቷ ወደ እህቶቿና አብሮ አደጎቿ። ወገን ደግሞ ያው ወገን ነው። "ምን ጎድሎብህ ነው የምትለማመጣት?" ይሉታል። "አንቺ ሆነሽ ቻልሽው እንጂ!" ይሏታል። ቢሮዬ ሲደርሱ የሚናገሩት የራሳቸውን ሳይሆን የአጎትና የአክስት ቃል ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚቀርበው ለቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ብዙ ጊዜም የጋብቻው ምስክሮች ነበሩ፤ ማለትም የሷ ወገንና የሱ ወገን። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የክልላችን ደግሞ በ1995 ከወጣ ወዲህ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ለሽማግሌ የቀረለት ማስታረቅ ነው። ሽምግልናን መናቄ አይደለም፤ የወሎ አበጋሮች እኮ ደም ያስታረቁ ሰዎች ናቸው። ግን ሽማግሌ "ማን አጠፋ?" ብሎ ነው የሚጀምረው። ባልና ሚስት ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልሱን አዘጋጅተው ነው የሚመጡት።

ሁለት ሰዎች ላንሳላችሁ። ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጽፍም። አንደኛው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። ሌላኛው የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሾፌር፣ ጫቱንም ጨዋታውንም የሚወድ ሙስሊም። ሁለቱም ወደ ሃምሳ እየተጠጉ ነበር። ሃይማኖታቸው መለየቱ ለደሴ ሰው ብርቅ አይደለም፤ እዚህ ሁለቱም ያለበት ቤት ሞልቷል። የማያገናኛቸው ኑሯቸው ነበር። ያገናኛቸው ደግሞ የፍርድ ቤት ቀጠሮ። የሁለቱም የፍቺ ፋይል አንድ ችሎት ላይ ስለነበር ተራ እስኪደርሳቸው ውጭ ካለችው ጀበና ቡና ይቀመጣሉ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰው ሳይወድ ይጠጋጋል።

አንድ ቀን ሾፌሩ ጎማ ስለፈነዳበት ሌሊት ያወራል። እኔም የመምህሩ ጠበቃ ነኝና አጠገባቸው ነበርኩ። "ከኮምቦልቻ ባቲ ያለችው ሃምሳ ኪሎ ሜትር..." ሲል መምህሩ "አርባ ገደማ ነው" አለው። ጨዋታው ቀጠለ። ሾፌሩ አዋሽን አነሳና "ጅቡቲ ወርዶ ባሕር ይገባል" አለ። መምህሩ "አይገባም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ነው የሚቀረው" አለው። ሾፌሩ ስኒውን አስቀምጦ ሳቀ። "መምህር፣ ባለቤትህንም እንዲህ ነው የምታርማት?"

መምህሩ ዝም አለ። ክሱ ላይ "ባለቤቴ ካኮረፈች ቆይታለች" የሚል ተጽፏል። ለምን መናገር እንደተወች ግን ወንድሞቹም ሽማግሌዎቹም አልጠየቁትም። ሾፌሩ የመምህሩን ሚስት አያውቃትም፣ የመምህሩን እናት ነገ መንገድ ላይ አያገኛቸውም፣ መምህሩ ቢቀየመውም የሚቀርበት ነገር የለም። ለዚህ ነው አፉ እንዳመጣለት የተናገረው።

የሾፌሩ ነገር የባሰ ነበር። ቤቱ እንግዳ ሆኖ እየገባ እየወጣ ሚስቱ መረራት። ፍቺ ስትጠይቅ በእልህ መኪናውን ወደ ወንድሙ ስም ሊያዞረው አሰበ። ይህን ለኔ አልነገረኝም፤ ለመምህሩ ነው የነገረው። መምህሩ አልሰበከውም። "መኪናው ሲገዛ የባንኩን ዕዳ በየወሩ እየሄደ የሚከፍል ማን ነበር?" አለው። "እሷ።" "ታዲያ ሊብሬው ላይ ስሟ ባይኖር ምን ሆነ?" ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው። ሾፌሩ ይህን ከጠበቃው ሲሰማ አኩርፎ ነበር።

በ2016 ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገቡ። ቡናው ሲቀር ወዳጅነቱም የሚቀር መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ከፒያሳ ወደ ሆጤ በእግራቸው እያወሩ መሄድ ጀመሩ።

መምህሩ ፋይሉን አዘጋ። ቤቱ ገነት ሆነ እያልኳችሁ አይደለም፤ ዛሬም ያርማል። ባለቤቱ ግን ሲያበዛው "አቤ ሐይቅ!" ትለዋለች፤ ይስቃሉ። ሾፌሩ ተፋታ። ንብረት ሳይደብቅ፣ ልጆቹ ፊት ሳይሰዳደብ። እኔ ይህንንም እንደ እርቅ ነው የምቆጥረው። ሴት ልጁን ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያስጠናት መምህሩ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች፣ እንዲህ ያለ ሰው ትዳራችሁ ሳይታመም ፈልጉ። ሥራው ከሥራችሁ፣ ዕድሜው ከዕድሜያችሁ ቢለይ ጥሩ ነው። ወሬ አመላላሽ አይሁን። ተቃራኒ ጾታ ከሆነ ደግሞ የትዳር አጋራችሁ የምታውቀው፣ የሚያውቃት ይሁን፤ በስውር የሚያዝ ወዳጅ ሌላ ፋይል ያስከፍታል። የቤታችሁን ጉድ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብታችሁ አትዘርግፉት፤ እዚያ "ተዋት!" "ተዪው!" የሚላችሁ ሰው ማታ ስማችሁን አያስታውስም። ዱላ ካለ ግን ወዳጅም ሽማግሌም አትጠብቁ፤ ሕክምና ሂዱ፣ ፖሊስ ጋ ሂዱ።

"የት እናገኘዋለን?" ካላችሁ ቅሬያችሁ፣ ማለትም እድራችሁ አለ። ወርሃዊውን በሞባይል ልካችሁ መቅረት ለምዳችኋል፤ ሂዱ እንጂ። ድንኳን ስትተክሉ በሌላው ጫፍ ገመድ የሚይዘው ጋራዥ የሚሠራው፣ ጡረተኛው፣ ባለ ሱቁ ነው። ኮምቦልቻ የምትሠሩ ደግሞ ሰርቪስ ላይ የሐረጎን ቁልቁለት እስክትወርዱ ጊዜ አላችሁ። ማዳመጫውን ከጆሯችሁ አውጡና አጠገባችሁ ያለውን ሰውዬ እንዴት አደርክ በሉት።