በአንዲት ረቡዕ ብሩጅንና ጌንትን በመኪና ለማየት ላሰቡት እህታችን

ለዘመድ ሠርግ ብራስልስ ስትመጡ የምትተርፋችሁን አንዲት ረቡዕ ይዛችሁ፣ በኪራይ መኪና ከባለቤትዎ ጋር ጌንትን፣ ብሩጅንና አንትወርፕን በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻል እንደሆነ፣ የጾም ምግብስ ይገኝ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኛ ከኮሎኝ እየተነሣን ብራስልስ የባለቤቴ እህት ዘንድ ስናድር ይህንኑ መንገድ ሦስት ጊዜ ሄደንበታል፤ አንደኛው ጉዞ ደግሞ እንደ እናንተው ረቡዕ ላይ የዋለ ነበር። አጭሩ መልሴ ሁለቱ ከተሞች ለአንድ ቀን ይበቃሉ፣ አንትወርፕ ትቅርባችሁ፣ መኪናዋም ከከተማ ከተማ ታድርሳችሁ እንጂ መሐል ከተማ ይዛችኋት አትግቡ የሚል ነው። ከዚህ በታች ዓመታቱን በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ብዙ ሰው ለብራስልስ የምትቀርበው ጌንት ስለሆነች ከእርሷ ይጀምራል። እኛም በመጀመሪያው ጉዟችን እንዲሁ አድርገን ብሩጅ የደረስነው እኩለ ቀን ላይ፣ በአውቶቡስ የመጣው አገር ጎብኚ ጠባቡን ጎዳና ሞልቶት ሰው በትከሻው እየተጋፋ በሚሄድበት ሰዓት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ተነሥታችሁ ኢ40 የተባለውን አውራ ጎዳና ብትይዙ፣ የጠዋቱ መጨናነቅ የሚበረታው ወደ ብራስልስ በሚገባው አቅጣጫ ስለሆነ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአንድ ሰዓት ገደማ ትጨርሱታላችሁ። ለቤት መኪና የመንገድ ክፍያ የለም፤ የፍጥነቱ ጣሪያ 120 ነው።

በመንገድ ምልክቶቹ ግን እንዳትደናገሩ። ቤልጂየም ውስጥ የከተማ ስም እንደ አካባቢው ቋንቋ ይለዋወጣል፤ በብራስልስ ከተማ ውስጥ የፈረንሳይኛውና የደችኛው ስም ጎን ለጎን ይጻፋል፣ ደችኛ ወደሚነገርበት ክልል ወደ ፍላንደርስ ከዘለቃችሁ በኋላ ግን የሚቀረው የደችኛው ብቻ ነው። ጌንት አጠገብ ባለው መጋጠሚያ ላይ «ሬይሰል» የሚል ምልክት ባየን ጊዜ ባለቤቴ ካርታውን ከዳር እስከ ዳር ፈልጋ እንዲህ የሚባል አገር አጥታለች፤ ለካስ የፈረንሳይዋ ሊል ኖራለች። ከዋናው መንገድ ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ምልክት ከሌለ በቀር ከቀኝ የሚመጣ ተሽከርካሪ፣ ከቀጭን መንደር መንገድ ቢወጣ እንኳ፣ ቅድሚያ እንዳለው አትዘንጉ።

ብሩጅን የአገራችን የኳስ ወዳጅ በክለቧ ያውቃታል። መኪናችሁን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ማቆሚያ ተዉት፤ ከመሐል ከተማው ዋጋው ይቀንሳል፣ ወደ ዋናው አደባባይ የሚወስደውም የእግር መንገድ ራሱ የጉብኝቱ ግማሽ ነው። መጀመሪያ ከሐይቁ ዳር አልፋችሁ በ1245 ወደተመሠረተው የቤጊን ሴቶች ግቢ ትገባላችሁ። ቤጊኖቹ የዘለዓለም ቃል ኪዳን ሳይገቡ፣ በጸሎትና በእጃቸው ሥራ በኅብረት የሚኖሩ ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬ በግቢው ያሉት መነኮሳይያት ናቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስንገባ ነጫጮቹ ቤቶች ዛፎቹን ከበው ጸጥ ብለው ነበር፤ የእግራችን ኮቴ እንኳ ስለተሰማን ሳንመካከር በሹክሹክታ ማውራት ጀመርን። ከአሥር ዓመት በላይ አብሮኝ በኖረ ትዳር እንዲህ ተስማምተን ድምፃችንን ዝቅ ያደረግንበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከተማዋ እንዲህ ሳትነካ የቆየችው ባለጸጋ ስለነበረች ብቻ ሳይሆን ከባለጸግነቷ ስለወደቀች ጭምር ነው። ከባሕር ጋር ያገናኛት የነበረው የዝቪን ሰርጥ እስከ 15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ በደለል እየተሞላ መርከብ የማያስገባ ሆነ፤ ንግዱም ወደ አንትወርፕ ሄደ። ያረጀውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራበት ገንዘብ የታጣበት ከተማ ያረጀውን ይዞ ቀረ፤ በ2000 መሐል ከተማው በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ይኸው ነው። የደወሉ ማማ 83 ሜትር ቁመትና 366 ደረጃ አለው፤ ጉልበቷን የምታስታምመው ባለቤቴ ከታች ቆይታ እኔ ወጥቻለሁ፣ በመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ላይ ግን ወጪና ወራጅ የሚተላለፉት አንዱ ግድግዳ ተለጥፎ ስለሆነ ብትተዉትም አልፈርድባችሁም። የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያንን ግን አትለፉት፤ ማይክል አንጄሎ ከነጭ እብነ በረድ የቀረጻት እመቤታችን ከነልጇ እዚያ ናት።

ረቡዕ ጠዋት በዋናው አደባባይ ሳምንታዊው ገበያ ይቆማል፤ አይብ፣ አበባና የተጠበሰ ዶሮ ሽታ በጾም ሆድ ላይ ይፈትናል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የማይጠረጠር መስሎን ከአንድ ሱቅ የድንች ጥብስ ገዛን፤ ባለቤቴ ልትጎርስ ስትል የኋላው ማሰሮ አጠገብ የበሬ ሥዕል ያለበት ካርቶን አይታ እጇን ሰበሰበች። በጥንቱ የቤልጂየም ወግ ድንች የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በአትክልት ዘይት የተጠበሰ መሆኑን ጠይቁ፤ ዋፍሉም እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አለበት። ለጾመኛ ጌንት ትሻላለች፤ ከ2009 ጀምሮ ሐሙስን ሥጋ የማይበላበት ቀን እንዲሆን ስታበረታታ የቆየች ከተማ ስለሆነች ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ በየመንገዱ ይገኛል።

ከብሩጅ ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ሳያልፍ ውጡ። ጌንት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ናት፤ የምትሄዱበት ዋና ነገር ደግሞ አመሻሽ ላይ ይዘጋል። ማቆሚያው ላይ ግን ልብ በሉ፤ እኛ የተቀጣነው እዚህ ነው። ከ2020 ጀምሮ በውስጠኛው ቀለበት መንገድ ክልል ውስጥ የጭስ መጠናቸው የማይፈቀድላቸው መኪኖች መግባት አይችሉም፤ የውጭ ታርጋ ያለው መኪናም አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ አለበት። እኛም የጀርመን ታርጋ ስላለን ማታውን ተመዝግበን፣ እንግዲህ ሕጉን አሟልተናል ብለን ስልኩ በመራን ገባን። መንገዱ እየጠበበ ሄደ፣ ከሥራችን የትራም ሐዲድ መጣ፣ በዙሪያችን አንድም መኪና ጠፋ፤ በብስክሌት የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው አይተውን ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ከሳምንታት በኋላ ለሁለት ሰው ጥሩ እራት የሚበቃ የቅጣት ወረቀት በፖስታ ደረሰን። የጭሱ ክልልና በካሜራ የሚጠበቀው የእግረኞች ክልል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ኖረዋል፤ ለአንዱ መመዝገብ በሌላው አያስገባም። የእናንተ የኪራይ መኪና የቤልጂየም ታርጋ ከያዘ ምዝገባው ይቀርላችኋል፣ የእግረኞቹ ክልል ግን ለእናንተም ያው ነው። ከቀለበቱ ውጭ ባሉት የዳር ማቆሚያዎች አቁማችሁ በትራም ግቡ።

ዋና ነገር ያልኩት በቅዱስ ባቮ ካቴድራል ያለውን፣ ሁበርት ቫን አይክ ጀምሮት ወንድሙ ያን በ1432 የጨረሰውን የመሠዊያ ሥዕል ነው። ሰዓት አስይዛችሁ ሂዱ። በሥዕሉ መካከል የክርስቶስ ምሳሌ የሆነው በግ በመሠዊያ ላይ ቆሟል፣ ደሙም ከደረቱ ወደ ጽዋ ይፈሳል። በ16ኛው መቶ ዘመን በላዩ የተቀባው ቀለም በቅርብ ዓመታት ሲነሣ የወጣው የበጉ የመጀመሪያ ፊት ሰው ሰው ይላል፤ ዓይኖቹ ቀጥ ብለው ያያሉ። በመሠዊያው ጨርቅ ላይ ያለው ላቲን ምን እንደሚል ከማዳመጫው ሲነገረን፣ ባለቤቴ ቀድማ «ነዋ በግዑ ለእግዚአብሔር ዘያአትት ኃጢአተ ዓለም» አለች። አጠገባችን የነበሩት ፈረንጆች ዘወር ብለው አዩን።

ከግርጌ በስተግራ ያለው አንዱ ክፍል ቅጂ ነው፤ ዋናው በ1934 ተሰርቆ እስካሁን አልተገኘም። ናዚዎች ደግሞ ይህንን ሥዕልም የብሩጇንም እመቤታችን ዘርፈው፣ ሁለቱም ጦርነቱ ሲያልቅ በኦስትሪያ፣ አልታውሴ በተባለ የጨው ማዕድን ዋሻ ውስጥ ተገኙ። ጠዋት ብሩጅ ያያችሁትን ከሰዓት ጌንት ከምታዩት ጋር አንድ ዋሻ አገናኝቷቸው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ በርሊን ተሸጠው የነበሩትን ክፍሎች ጀርመን የመለሰችው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቬርሳይ ውል ተገድዳ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ አክሱም ሐውልት መሄዱ አልቀረም፤ ጣሊያን የዘረፈችውን እንድትመልስ በ1947 ውል ተፈራርማ፣ ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 ነው።

በ1180 የተሠራውን የመሳፍንቱን ግንብ ከውጭ አይታችሁ እለፉ፤ ውስጡ ያላችሁን ሰዓት ይበላዋል። ይልቅ ሲመሽ በቅዱስ ሚካኤል ድልድይ ላይ ቁሙ፤ የከተማዋ ሦስት ማማዎች ከፊታችሁ በአንድ ረድፍ ይቆማሉ፣ በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉት የነጋዴ ቤቶች መብራት ውኃው ላይ ይወርዳል። ከዚያ ብራስልስ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚቀር፣ የደከመ ሰው የሚነዳው አጭሩን መንገድ ይሆናል።

አንትወርፕን ካሰባችኋት ከሠርጉ በኋላ ግማሽ ቀን ብታገኙ በባቡር ሂዱ፤ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፣ በ1905 የተከፈተው የከተማዋ ባቡር ጣቢያም ራሱ የሚታይ ስለሆነ በመኪና የሚገባ ሰው ከሁሉ በፊት እርሱን ያጣል።