የአንባቢያን ጥያቄ፦ ትንንሽ የሸክላ ቤቶች

ጥያቄ፦ ቁመታቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ባለ አራት ማዕዘን ቤቶች ከጭቃ እሠራለሁ። ገና እሳት ሳያዩ ሲደርቁ ማዕዘናቸው ይላቀቃል፤ አንዳንዱ ግድግዳም ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ችግሩ አፈሩ ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አፈሩን ከመጠርጠርዎ በፊት ግድግዳዎቹ እኩል እርጥብ እንደነበሩ ያረጋግጡ። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንደ አፈሩ ዓይነት 10 ሳንቲ ሜትር አድርገው የቆረጡት ተተኩሶ ሲወጣ 9 ገደማ ሊሆን ይችላል። ጠዋት የተቆረጠ ግድግዳ ከሰዓት ከተቆረጠው ጋር ሲጋጠም እርጥቡ አብልጦ ይኮማተርና መጋጠሚያውን ይጎትተዋል። ስለዚህ ሁሉንም ክፍል ከአንድ ጭቃ በአንድ ጊዜ ቆርጠው እስኪገጣጠሙ ድረስ በላስቲክ ይሸፍኗቸው።

ውፍረቱ አንድ ዓይነት እንዲሆን ጭቃውን 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ሁለት እንጨቶች መካከል ይዳምጡት፤ እያገላበጡ በሁለቱም በኩል። የተዳመጠውን ጭቃ በጠርዙ ይዘው አያንሱ። አንድ ጊዜ የታጠፈ ጭቃ መልሰው ቢያቃኑት እንኳ ሲደርቅ ወደ ታጠፈበት ይመለሳል፤ የግድግዳዎ መጉበጥ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም። በጨርቅ ላይ ዳምጠው ከነጨርቁ ወደ ጣውላ ይውሰዱት።

ጣት አሻራ የማይተውበት ያህል ጠንከር ሲል ይቁረጡ። ጠርዞቹን በ45 ዲግሪ አጋድመው ቆርጠው በሹካ ይጫሯቸው፤ ከራሱ ከጭቃው የተበጠበጠ፣ እርጎ የመሰለ ማጣበቂያ ቀብተው ትርፉ ወደ ውጭ እስኪወጣ ይጫኑ። ከዚያ ቀጭን የጭቃ ገመድ ድቡልብል አድርገው በማዕዘኑ የውስጥ በኩል በእንጨት ይጠቅጥቁ። ብዙዎች ይህን የመጨረሻውን ይዘሉታል፤ ማዕዘኑን የሚይዘው ግን እሱ ነው።

የመስኮትና የበር ማዕዘኖችን መጀመሪያ በመጠጫ ስትሮ ይብሷቸውና ቀዳዳዎቹን በቢላ ያገናኙ። ስንጥቅ ከሹል ማዕዘን መነሳት ይወዳል። አፈሩ በጣም የሚለጠጥ ከሆነ ተወቅጦ በወንፊት የተነፋ ገል ለአምስት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ያስገቡ። ቤቱን በጋዜጣ ላይ አስቀምጠው ለሁለትና ሦስት ቀን በላላ ላስቲክ ሸፍነው፣ ነፋስ ከማይነካው ቦታ ያድርቁት።

ጥያቄ፦ የጎጆ ቤት ክዳን ስሠራ መሐሉ ይሰምጣል። የሣሩንም መልክ ማውጣት አቃተኝ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ክዳኑን በእጅ ከመጎተት ከጠፍጣፋ ጭቃ ቆርጦ መጠቅለል ይሻላል። ግድግዳው 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ከመሐል እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቆርጠው ሩቡን ያውጡ። ቀሪው ሲጠቀለል አፉ 15፣ ቁመቱ 6.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለክፈፉም በየጎኑ 1.5 ይተርፋል። ይህ ትንሽ የተንጋለለ ነው። ቀጥ ያለ ክዳን ከፈለጉ ከመሐል እስከ ዳር 15 የሆነ ግማሽ ክብ ይጠቅልሉ፤ አፉ ያው ሆኖ ቁመቱ 13 ይደርሳል። ለዓይን የሚያምረው ይኸኛው ነው።

እስኪጠነክር ድረስ የተጨማደደ ጋዜጣ ከውስጥ ይደግፈው፤ ግድግዳው ላይ ከመግጠምዎ በፊት ያውጡት። ሣሩን ለማውጣት ቀጫጭን የጭቃ ሪባኖች ከታች ጀምረው እያነባበሩ ወደ ላይ ይለጥፉ፤ ከዚያ በማበጠሪያ ከላይ ወደ ታች ይጫሩ። ሲጠቀለል ጫፉ ላይ የሚቀረውን ቀዳዳ በጉልላት ይሸፍኑት፤ በብዙ ጎጆ አናት ላይ እውነተኛውም ጉልላት የሸክላ ዕቃ ስለሆነ ያምርበታል። ጉልላቱን ግን ሥሩን ይብሱት፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ባለው መልስ አለ።

ጥያቄ፦ በእንጨትና በኩበት ስተኩስ ቤቶቹ እየፈነዱ ያልቃሉ። ጭቃው ውስጥ አየር ስለቀረ ነው ይሉኛል። (ከጎንደር)

መልስ፦ አየር ብቻውን አያፈነዳም፤ የሚያፈነዳው ውሃ ነው። በጭቃው ውስጥ የቀረ እርጥበት 100 ዲግሪ ላይ እንፋሎት ይሆናል፤ እሳቱ ከፈጠነ መውጫ ያጣል። በሩና መስኮቱ ያልተከፈተ ቤት ደግሞ ውስጡ ባዶ፣ ዙሪያው ዝግ ስለሆነ ከወለሉ ወይም ከጉልላቱ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያስፈልገዋል። መድረቁን በጉንጭዎ ይፈትኑ፤ ከቀዘቀዘዎት ገና ነው። ከመተኮስዎ በፊት ከፍሙ ዳር አድርገው እያዞሩ ለሁለት ሰዓት ያህል ያሙቁት። ሲያቃጥሉም በትላልቅ ገሎች ይከልሉት፤ ነበልባል በቀጥታ አይምታው። ሳይበርድ አያውጡት። ወለቃ ቅርብዎ ስለሆነ፣ ትንንሽ ምስል የሚሠሩት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን አፈር ጠይቀው ቢሞክሩ ይጠቅምዎታል።

ጥያቄ፦ በምጠቀምበት ስቱዲዮ የኤሌክትሪክ እቶን አለ። ግሌዝ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቅብ) ስቀባ ግን የሣሩ ጭረት ተደፈነ፤ ቤቱም ከመደርደሪያው ተጣበቀ። (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ለሣር ግሌዝ አይመከርም። ቤቱን መጀመሪያ 1000 ዲግሪ ገደማ ይተኩሱት። አንድ የሻይ ማንኪያ ቀይ የብረት ኦክሳይድ በግማሽ ኩባያ ውሃ በጥብጠው ይቀቡና በእርጥብ ስፖንጅ ይጥረጉት፤ ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ይቀራል። ግሌዝ በር ወይም መስኮት ላይ ብቻ ይበቃል፤ ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ሳይቀቡ ይተዉ። ጭቃው የሚተኮስበትን ሙቀት ሳይጠይቁ ግን ለሁለተኛ ጊዜ አያስገቡ፤ ለ1000 ዲግሪ የተዘጋጀ ጭቃ 1220 ላይ ሊቀልጥና የሌሎችንም ሥራ ሊያበላሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቅርጽ ማውጫ አልጠቀምም፤ ቤቶቼ ግን ሁሉም አንድ መሰሉብኝ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ጌጥ አይጨምሩ፤ የግድግዳውንና የክዳኑን ምጣኔ ይቀይሩ። የላሊበላ ክብ የድንጋይ ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ስለሆነ ግድግዳው ይገዝፋል። የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ደግሞ ግድግዳና ክዳኑ አይለይም፤ ምስጥ ሥሩን ሲበላው እያጠረ ስለሚሄድ አዲሱንና አሮጌውን ብቻ ቢሠሩ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ይወጡዎታል።

ጥያቄ፦ ከደረቀ በኋላ የተሰበረ ክፈፍ በጭቃ ይጠገናል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይጠገንም፤ አዲሱ ጭቃ ሲኮማተር አሮጌው ተኮማትሮ ጨርሷል። ለቀጭን ስንጥቅ በኮምጣጤ የተበጠበጠ ጭቃ ይሞክሩ። ስብራት ከሆነ ግን ሁለቱንም ለየብቻ ተኩሰው በኢፖክሲ ያጣብቁ።