የምዕራፍ መክፈቻ ጥቅስ ስልክ ላይ ሲበታተን

ጥያቄ፦ ልቦለዴን ወደ ኢቡክ እየቀየርኩ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ በተረትና ምሳሌ ወይም በሁለት ስንኝ ይከፈታል። ወርድ ላይ ስፔስ እየመታሁ ወደ ቀኝ ገፍቼ፣ ኢታሊክ አድርጌ አሳምሬው ነበር። ስልክ ላይ ስከፍተው ግን ስንኙ ተቆራርጦ ቁጭ አለ። ምን ላድርግ? አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እነዚያን ስፔሶች ጥርግ አድርገሽ አጥፊያቸው። የታተመ መጽሐፍ ገጹ አንዴ ከተሠራ አይነቃነቅም። ኢቡክን ግን በየጊዜው ገጽ የሚያደርገው የአንባቢው መሣሪያ ነው፤ ስክሪኑ ከጠበበ ወይም አንባቢው ፊደሉን ካተለቀው መስመሩ ሌላ ቦታ ይታጠፋል፣ ያንቺ ስፔስ ደግሞ ወይ ይጠፋል ወይ ስንኙን ገፍትሮ ይሰብረዋል።

ይልቅ ኢፐቡን (የኢቡኩን ፋይል) ሲጂል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቺውና ለጥቅስ የራሱ ስታይል ፍጠሪለት። ከግራ 15 በመቶ ያህል ህዳግ ይበቃዋል። በሴንቲሜትር አትለኪው፤ ታብሌት ላይ ያማረው ህዳግ ስልክ ላይ ግማሹን ስክሪን ይበላል። ወደ ቀኝ የሚጠጋው የባለጥቅሱ ስም ብቻ ይሁን።

ስንኙ ላይ ግን አደራ! የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው መስመሩ መጨረሻ ላይ ነው። «ድር ቢያብር» አንድ መስመር፣ «አንበሳ ያስር» ሌላ መስመር ካልሆኑ፣ ለምሳሌ «አንበሳ» ላይኛው መስመር ላይ ከቀረ፣ ቤቱ ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ስንኝ ለብቻው አንቀጽ አድርጊና 2 ኤም (አንድ ኤም ማለት የፊደሉን መጠን የሚያህል መለኪያ ነው) የግራ ህዳግ ጨምሪለት፣ ከዚያ የመጀመሪያ መስመሩን በዚያው 2 ኤም ወደ ግራ መልሺው። ረጅም ስንኝ ቢታጠፍ እንኳ ትርፉ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ አንባቢው የላይኛው ቅጥያ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ኢታሊኩን በፍጹም አልወደውም። ፊደላችን የራሱ ኢታሊክ የለውም፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤልም ሆነ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ቀጥ ያለ ብቻ ነው ያላቸው። መሣሪያው በግድ ሲያጋድለው «ቡ» እና «ቢ»ን መለየት ለዓይን ያደክማል። በምትኩ ፊደሉን ትንሽ አሳንሺው፣ 0.9 ኤም ይበቃል። ሁለቱም ፎንቶች ነፃ ናቸው፤ አንዱን ኢፐቡ ውስጥ ክተቺው፣ አለበለዚያ የአማርኛ ፎንት የሌለው መሣሪያ ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ይታያል።

ደግሞ ጥቅሱን የርዕስ ስታይል እንዳትሰጪው። ከሰጠሽው ማውጫው ውስጥ ገብቶ ከምዕራፍ ርዕሶች ጋር ይሰለፋል።