«በሞቴ» ማለት እሞታለሁ አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ9 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። አማርኛ ይሰማሉ ብዬ ነበር፤ ለካ የሚሰሙት «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» ብቻ ነው። እናቴ ደሴ ናት። እኔም ባለቤቴም ሥራ ስለሚበዛብን፣ ልጆቹ ያለ እኛ እንዲያገኟት ብዬ ጽሑፍና ድምፅ የሚተረጉም አፕ ጫንኩላቸው። ባለፈው ቅዳሜ እናቴ «በሞቴ፣ ምሳችሁን ብሉ» ብላ ድምፅ ላከች። ልጄ ትርጉሙን አንብቦ፣ ከሚውሉበት ጎረቤት ቤት እያለቀሰ ደወለልኝ። «አያቴ እየሞተች ነው» ይለኛል። እናቴ ደግሞ በበኩሏ ተቀይማለች። ከልጆቹ የደረሳት መልእክት «አንተ እንዴት ነህ?» የሚል ነው። «ወንድ አደረጉኝ እኮ» አለችኝ። ባለቤቴ አፑን አጥፊው ይላል። እኔ ግን ጭራሽ እንዳይቆራረጡ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የልጅሽ ለቅሶ ሆዴን ነው ያላወሰው። አያቱን የማይወድ ልጅ እንደዚያ አያለቅስም። የፈራሽው መቆራረጥ ገና አልመጣም።

አፑን አታጥፊው። ሥራውን ግን ቀይሪለት።

እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው ያለው አንድ «ዩ» ነው። የኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ፣ እናንተ እያለ ይሄዳል። ልጅሽ «ዩ» ብሎ ሲጽፍ፣ ማዶ ያሉት አያት ይሁኑ ጎረምሳ ማሽኑ በምን ያውቃል? ብዙ ጊዜ «አንተ» ብሎ ያልፋል። እንደ ቻትጂፒቲ ባሉት ላይ «የምጽፈው ለሴት አያቴ ነው» ብሎ አስቀድሞ መንገር ይቻላል፤ ያኔ ይሻላል። «አንቺ» ይበሏቸው ወይስ «እርስዎ»? እሱን እናትሽን ጠይቂያቸው።

«በሞቴ» ግን ሌላ ነገር ነው። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የልጅሽ እኩያ በይው። እነዚህ ማሽኖች በአብዛኛው የሚማሩት ከተጻፈ ነገር ነው። ዜናው ተጽፏል፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ተጽፏል። የአያቶቻችን አፍ የት ተጽፎ? «ሆዴ» የሚሉ እናት ሆዳቸውን አላመማቸውም። «አፈር ስሆን» ሲሉ ትንሽ ቅመሱልኝ ማለታቸው ነው። ልጅ ሲወድቅ «እኔን!» ይላሉ፤ ሕመሙ ለእኔ ይሁን ነው ነገሩ። ቃል በቃል ሲሄድ ያ ሁሉ ፍቅር የበሽታና የሞት ወሬ ይሆናል። ልጅሽ ያነበበው ይህን ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከልጆቹ ወደ አያት የሚሄደውን ረጅም ወሬ አፑ ይተርጉመው። የኳስ ጨዋታውን፣ የክፍል ጓደኛውን፣ የወለቀችውን ጥርስ። ከአያት የሚመጣውን ግን በድምፅ ይስሙት። መጀመሪያ ይስሙ፣ ቀጥሎ ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገምቱ፣ ማታ አንቺን ይጠይቁሽ። የእናትሽን ሕመምና የቤተሰቡን የገንዘብ ነገር በአፑ አታሳልፉ፤ ያን አንቺው ደውለሽ ጨርሺ።

ለቪዲዮ ጥሪ እሑድ ጠዋት ጥሩ ነው። በበጋችሁ እናንተ ጋ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን ደሴ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። እናትሽ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ ያስደግፉት። ቡናው ሲቆላ፣ ጀበናው ሲጣድ ልጆቹ ይዩ። እሳቸው እያሳዩ «ይቺ ሲኒ ናት» ይበሏቸው። እነሱም ተከትለው ይበሉ። ለዚህ ተርጓሚ አያስፈልግም።

የእህቴ ልጅ ሐምቡርግ ነው ያለው፤ 11 ዓመቱ ነው። አምና ለፋሲካ ማንም ሳይረዳው፣ በገዛ ጣቱ «አክስቴ ናፈቅሽኚ» ብሎ ጻፈልኝ። «ናፈቅሽኝ» ማለቱ ነው። ከዚያ በፊት በማሽን አስተርጉሞ የላከልኝ ያማረ አማርኛ ነበር፤ አንዱንም አላስታውሰውም። ይቺን ግን እስከ ዛሬ ከስልኬ አላጠፋኋትም።

ዛሬ ማታ ልጅሽ ሳይተኛ «በሞቴ» ምን ማለት እንደሆነ ንገሪው። አያቱ ለምን እንዳሉት ይግባው። ከዚያ መልሱን አስተምሪው፤ «ኑሪልኝ» ይባላል። ሁለት ሦስቴ አስደግሚውና በራሱ ድምፅ ቀድቶ ይላክላቸው።